ከእናቱ በቀር

ኅዳር 9

ለፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት፣ ለደብዳቤ መላሹ

ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ሰነበቱ? ደብዳቤ ሲጀመር «እኔ ደኅና ነኝ» እንደሚባል አውቃለሁ። ደኅና ስላልሆንኩ ዘልዬዋለሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ፊደሌ ከመስመር ቢወጣ ይታገሱኝ።

ጉዳዬን በግልጽ እንዳስረዳ ጠይቀውኛል። ሳስረዳ ይህ ሦስተኛዬ ነው።

በመጀመሪያው ደብዳቤዬ «ልጄን መጠየቅ እፈልጋለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ሰው የታመመ ዘመዱን ይጠይቃል፣ የታሰረ ዘመዱን ይጠይቃል፤ እኔ የማውቀው አማርኛ ይህ ነው። ከእናንተ ዘንድ የመጣው መልስ «ጥያቄዎን በጽሑፍ አዘጋጅተው ልጅዎ ለሚሠራበት መሥሪያ ቤት ያቅርቡ» ይላል። ጎረቤቴ አስተማሪዋ አንብባልኝ ሳቀች፤ ወዲያው ፊቴን አይታ ሳቋን ዋጠች። ያሳሳታቸው «መጠየቅ» የሚለው ቃል ነው፣ «መጎብኘት» በይ ብላ መከረችኝ። እሺ ብዬ «ልጄን መጎብኘት እፈልጋለሁ» አልኩ። ያኛው ደብዳቤ ደግሞ ለጉብኝት ክፍል ተላለፈ። ሸለቆው ለጎብኚ ዝግ መሆኑን ነግረውኝ፣ በምትኩ ሌላ ፓርክ እንድመርጥ ባለሥዕል ወረቀት ላኩልኝ። ሆቴል አለው። ጀልባም አለው። ጀልባው ላይ የተቀመጡት ሰዎች ሁሉም ይስቃሉ።

እንግዲህ ከዚህ የቀለለ ቃል የለኝም፦ ልጄ ሞቷል። የተቀበረው እናንተ በዘጋችሁት ሸለቆ ውስጥ ነው። መቃብሩ አጠገብ መቀመጥ እፈልጋለሁ።

ልጄን ታውቁታላችሁ። አዳኞች ተኩሰው የገደሉት የዱር እንስሳት ጠባቂ እሱ ነው። ክረምት ስለነበረ መንገዱን ጎርፍ በልቶት ሬሳው ወደ እኔ ሊመጣ አልቻለም፤ ጓደኞቹ እዚያው ወንዙ ዳር ቀበሩት። ዝናቡ ሲያባራ ሄጄ ዙሪያውን ድንጋይ ደረደርኩለት። ተመልሼ እመጣለሁ ብዬው ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ነው ፕሬዚዳንቱ በሬዲዮ የተናገሩት። ስለ ልጄ ሲናገሩ ድምፃቸው ተሰብሮ ነበር፤ እውነት ያዘኑ ይመስለኛል። «ይህ ወጣት ሕይወቱን የሰጠለትን ሸለቆ ከእንግዲህ የማንም ሰው እግር አይረግጠውም» አሉ። ቤቴ ሞልተው ከተቀመጡት አንዳንዶቹ አጨበጨቡ። ወንድሜ ግን ሬዲዮኑን ዘጋውና «ልጅሽ በሕይወት እያለ ከብቶቼን አባረረ፣ ሞቶም አባረረ» አለኝ። ልጄ ከሞተ ወዲህ የሳቅሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ወደ ሸለቆው በር ስሄድ የመለሰኝ የልጄ ጓደኛ ነው፤ እሱም ጠባቂ ነው። እዚህ ሁሉም ሰው ቀጭኑ ይለዋል። መቃብሩን የቆፈረው እሱ ራሱ ነው። ፊቱን አዙሮ ነው የመለሰኝ።

ጅብ ይገባል። ዝንጀሮ ይገባል። እናቱ አትገባም። ይህን ለማን ነው የማስረዳው?

የጠባቂው እናት


ኅዳር 28

ለተከበሩ የጠባቂው እናት

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ስለ ሁለቱ መልሶች ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እዚህ ደብዳቤ የሚመራው በውስጡ በሚገኝ ዋና ቃል ነው፤ «መጠየቅ» ያለው ወደ አንዱ ክፍል፣ «መጎብኘት» ያለው ወደ ሌላው ይሄዳል። የአሁኑን ግን ለማንም አልመራሁትም። እኔው ይዤዋለሁ።

ነገሩ ለምን እንደከበደ ልንገርዎ። ሕጉ ሲረቀቅ «ማንም ሰው አይገባም» ከሚለው ቀጥሎ «በቀር» ተብሎ ረጅም ዝርዝር ነበረው፤ ሚኒስትሮች፣ ተመራማሪዎች፣ የውጭ እንግዶች። ፕሬዚዳንቱ ዝርዝሩን ሁሉ በቀይ ሰረዙት። «እኔስ?» ብለው የራሳቸውንም ማዕረግ ፈልገው አገኙትና ሰረዙት። እሳቸው እስካሁን ሸለቆውን በእግራቸው አልረገጡትም፤ ጠባቂዎቹም ዙሪያውን እንጂ ውስጡን አይጠብቁም። በዚህ ሕግ ብዙ ሰው ተቀይሟቸዋል። አሁን ለአንድ ሰው ይክፈቱ ማለት እንዴት እንደሚሆን አላውቅም።

አንድ ጥያቄ በቃል እንዲያደርስልዎ ለአካባቢዎ አስተዳዳሪ ነግሬያለሁ። ወረቀት ላይ ማስፈሩ ከበደኝ።

አክባሪዎ
የደብዳቤ ክፍል ሠራተኛ


ታኅሣሥ 20

ለደብዳቤ መላሹ

እንደምን ከረሙ? እኔ እንዳለሁ አለሁ።

አስተዳዳሪው መጥቶ ነበር። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ስለ ዝናቡ አወራ፤ ስለ መንገዱ አወራ፤ ስለ ጉልበቴ ሕመም ጠየቀኝ። የሆነ ነገር እንደተላከ ገብቶኝ ነበርና ጠበቅሁት። በመጨረሻ ባርኔጣውን እያየ ተናገረው። መልሴ አይሆንም ነው። ልጄ ተነስቶ ወደዚህ አይመጣም። ሲቀበር አላየሁም፤ ተቆፍሮ ሲወጣ ደግሞ ቆሜ እንዳይ ነው የምትፈልጉት? ስለ አሳቢነትዎ አመሰግናለሁ። ወረቀት ላይ ያልጻፉትም ጥሩ አደረጉ። ተጽፎ ቢሆን ምድጃ ውስጥ እከተው ነበር።

በሩ ላይ ሐውልት ይቆማል የተባለውንም ሰምቻለሁ። ፊቱን በደንብ ያስመስሉት ይሆን ብዬ አስተዳዳሪውን ጠየቅሁት። አፈረ። ለካ ሐውልቱ የአጋዘን ነው። የልጄ ስም ከአጋዘኑ ሰኮና በታች ይጻፋል አለኝ። እስቲ እርስዎ ይፍረዱ።

ፕሬዚዳንቱን የምጠላ እንዳይመስላቸው ይንገሩልኝ። ከእሳቸው በፊት የነበሩትን እናውቃቸዋለን፤ ያን ሸለቆ የሚያስታውሱት ሥጋ ሲያምራቸው ነበር። ልጄ ሥራ ሲጀምር አውሬውም ዛፉም አልቆ ነበር፤ አፈሩ በየክረምቱ እየታጠበ ወንዙ ቀይ ሆኖ ይወርድ ነበር። «አንድ መሪ ብቻ፣ አንድ ጊዜ፣ ከልቡ እምቢ ቢል» ይል ነበር ልጄ። እራት ላይ ተቀምጦ ሌላ ወሬ የለውም፤ ሚስት አግባ ስለው ስለ አጋዘን መንታ መውለድ ይነግረኛል። ስለዚህ የዘጉት ደግ አደረጉ። እኔ የምለው ለአውሬ ያዘነ ሰው ለእኔ ማዘን አያቅተውም ነው።

ሕጉ ይቀደድ አላልኩም። እንዲህ ይበልልኝ ብቻ፦ «ማንም ሰው አይገባም፣ ከእናቱ በቀር።» ሁለት ቃል ናት። ቀለም አትጨርስም።

የጠባቂው እናት


ጥር 22

ለተከበሩ የጠባቂው እናት

ደስ የሚል ወሬ ነው የያዝኩት።

ደብዳቤዎን እንዳለ ለፕሬዚዳንቱ አነበብኩላቸው። ሰኮናው ጋ ስደርስ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። የመጨረሻውን መስመር እንድደግምላቸው ጠየቁኝ። «ይህችን እናት ስመልስ እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?» ብለው ፈቀዱ። ሐውልቱም ቀርቷል።

የሕግ ክፍሉ ግን ቃሉን ቀይሮታል። ሕግ የአንድን ሰው እናት ብሎ መጻፍ አይችልም ይላሉ። አሁን የሚለው «ከጽሕፈት ቤቱ ልዩ ፈቃድ ካገኘ ሰው በቀር» ነው። ትርጉሙ ያው እርስዎ ነዎት። ፈቃድዎን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ፤ ፊርማው የራሳቸው ነው።

ስለ ቃሉ የምለው ነበረኝ፤ ለደስታ ቀን አይሆንምና ትቼዋለሁ። ሄደው ሲመለሱ እንዴት እንደነበረ ይጻፉልኝ። ደግሞም «እርስዎ» አይበሉኝ፤ በልጅዎ ዕድሜ ነኝ።

አክባሪዎ
የደብዳቤ ክፍል ሠራተኛ


የካቲት 18

ልጄ

አንተ በይኝ ካልክ እሺ። እንደምን አለህ? እናትህ በሕይወት አለች? ካለች ሂድና ጠይቃት። መጠየቅ ያልኩት የቱን እንደሆነ አሁን ሳይገባህ አይቀርም።

ስለዘገየሁ ይቅር በለኝ። ብዕር አንስቼ ብዙ ጊዜ መልሼ አስቀምጫለሁ።

እንዴት ነበር ብለሃል። ገባሁ። ቀጭኑ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበና መቀርቀሪያውን ታገለው፤ ዝጎ ነበር። በድንጋይ መትቶ ነው የከፈተው። ሲከፈትለት እንደ ሕፃን ደስ አለው። «ግቢ እማማ፣ ግቢ» እያለ መንገዱን በእጁ ያሳየኛል፤ ልክ እኔ የማላውቀው ይመስል። ውስጥ ምን እንዳደረግሁ አልጽፍልህም። ለፕሬዚዳንቱም እንዳትጠይቅላቸው።

ይህን ብቻ ልንገርህ። ድንጋዮቹን የሆነ አውሬ በታትኗቸው ነበር፤ መልሼ ደረደርኳቸው። ቀና ስል አንድ ትልቅ አጋዘን ቆሞ ያየኛል። አንዱ ቀንዱ ጫፉ ተሰብሯል። ጠባቂዎቹ ባለርስቱ የሚሉት እሱ ነው፤ ልጄ ያወራልኝ ነበር። አይሸሽም። «ይቺ ደግሞ ማን ናት? ማን አስገባት?» እንደሚል የቤት ባለቤት ቆሞ ያየኛል። ሣር እያኘከ ገላመጠኝና ቀስ ብሎ ሄደ። ልጄ በዚህ ይስቅ ነበር።

ወንድሜ ሰምቶ ቤቴ መጣ። ለአንቺ «በቀር» ከተባለ ለእኔም «በቀር» ይኑረኝ፣ ለከብቶቼ ጻፊልኝ አለኝ። አይሆንም ብዬዋለሁ። የሞተው ልጄ እንጂ በሬህ አይደለም ስለው ተቀይሞኝ ወጣ። ቢጽፍላችሁ አትመልሱለት። አደራ።

እግዜር ይስጥህ። እሳቸውንም እግዜር ይስጣቸው በልልኝ።

የጠባቂው እናት


ግንቦት 11

ልጄ

ሰላምታ በሌላ ቀን።

ሄጄ ያየሁትን ሁሉ እነግርሃለሁ፤ አንተም ከዚያ በኋላ የምጠይቅህን ትመልስልኛለህ።

ለሁለተኛ ጊዜ ሄጄ ነበር። በሩ ጋ ስደርስ መቀርቀሪያው ዘይት ተቀብቷል። መሬቱ ላይ የጎማ ዱካ አለ፤ አዲስም አሮጌም። ቀጭኑ ሲያየኝ ደስ አላለውም። ዛሬ ይቅርብሽ፣ ፀሐዩ ይከብድሻል፣ ጉልበትሽስ እያለ ሰበብ ደረደረልኝ። ልጄን እንደዚህ ሲዋሽ አይቼው ስለማውቅ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ጠበቅሁ።

ከውስጥ መኪና መጣ። ከኋላው የተጫነውን ሸራ አልብሰውታል፤ ሸራው ግን አጥሯል። ቀንዱን አየሁት። ጫፉ የተሰበረውን። ሰዎቹ መልካም ሰዎች ናቸው፣ ልዋሽህ አልችልም፤ መስኮት ዝቅ አድርገው እናታችን ደኅና ነሽ ወይ አሉኝ። አንዱ የታሸገ ውኃ ሰጠኝ። ቀጭኑ ወረቀታቸውን ሲመልስላቸው አየሁት። ያው የእኔ ወረቀት ነው። ያው ማኅተም፣ ያው «ልዩ ፈቃድ»፣ ያው ፊርማ።

መኪናው ከሄደ በኋላ ቀጭኑን ሰደብኩት። አፌ ያመጣልኝን ሁሉ አልኩት፤ ልጄን የቀበርክ እጅህ ይህን በር ይከፍታል ወይ አልኩት። አልተቆጣም። መሬት መሬት እያየ እንዲህ አለኝ፦

«እማማ፣ ላንቺ የከፈትኩ ቀን ደስ ብሎኝ ነው የከፈትኩት። እነሱ ሲመጡ ግን እጄ ለምዶ ነበር።»

ወደ ውስጥም አልገባሁም። ውኃቸውን እዚያው አፍስሼ ተመለስኩ።

አሁን አንተ መልስልኝ። እኔ የለመንኩት «ከእናቱ በቀር» ነው። እነዚህ የማን እናት ናቸው?

የጠባቂው እናት


ሰኔ 14

እማማ

ይህን ደብዳቤ ጽፌ ቀድጃለሁ፤ ደግሜም ጽፌ ቀድጃለሁ።

ፊርማው የተጭበረበረ እንዲሆን እመኝ ነበር። አይደለም። ፈቃዶቹን የፈረሙት እሳቸው ናቸው። በፊት እነዚህ ሰዎች ሲመጡ ይመልሷቸው ነበር፤ እኔ ራሴ በቢሯቸው በር ላይ ቆሜ ሲመለሱ አይቻለሁ። ለእርስዎ ከፈቀዱ በኋላ ግን ማንም ባዶ እጁን አይመጣም። የእርስዎን ፈቃድ ቅጂ ይዞ ይመጣል። «ለእሷ ፈቅደው ለእኛ ሊከለክሉን?» ይላል። አንዱ የድሮ ወዳጅ ነው፣ አንዱ ለምርጫው የደከመ ነው፣ አንዱ ልጁ ታሞበት አዝኗል። ሁሉም የሚያሳዝን ነገር አያጣም። ጥር ላይ ስለ ቃሉ የምለው ነበረኝ ብዬ የተውኩት ይህንን ነበር። መናገር ነበረብኝ።

የባለርስቱን ነገር ነግሬያቸዋለሁ። ያን ቀን ምሳቸውን አልበሉም። ለእርስዎ በራሳቸው እጅ ይጽፋሉ። ምን እንደሚጠይቁዎ አውቃለሁ፤ እሺ ይበሏቸው ወይም እምቢ ይበሏቸው ብዬ አልመክርዎትም።

እናቴን ሄጄ ጠየቅኋት። እንደምን ነሽ ብላዎታለች።

ልጅዎ


ነሐሴ 3

ለፕሬዚዳንቱ

ጤና ይስጥልኝ። በእጅዎ የጻፉት ደርሶኛል። ጽሕፈትዎ ከእኔም ይብሳል፤ ያነበበችልኝ አስተማሪዋ ናት፣ እሷም እየተደናቀፈች። ቤተ ሰብዎ ደኅና ነው? ዕንቅልፍ ይተኛሉ? መልሴ የዘገየው ተቆጥቼ አይደለም ልልዎት ፈልጌ ነበር። ተቆጥቼ ነው።

የጠየቁኝን አሰብኩበት። የሌሎቹን ፈቃድ ሁሉ ሰርዘው የእኔን ብቻ ሊተዉልኝ ፈልገዋል። ልብዎ ደግ ነው፤ ይህን ማንም አይወስድብዎትም። እኔ ግን እምቢ ብያለሁ። አንዲት ቀዳዳ ከተተወች በእሷው ተመልሰው ይመጣሉ፤ የሕግ ክፍልዎ ቃል ሲያሳምር አይተነዋል።

አንድ ነገር ልንገርዎ። ልጄ ሥራ በጀመረበት ዓመት የቤቴ ጣሪያ አፍስሶ ነበር። ያኔም ከሸለቆው ሣር ማጨድ ክልክል ነው። እኔ ግን ልጄ ነው ያለው ብዬ ማጭዴን ይዤ ሄድኩ፤ የሠፈር ሴቶችም በእኔ ተማምነው ተከተሉኝ። ድንበሩ ላይ ቆሞ አገኘነው። ለሁላችንም እጅ ነሣና ተመለሱ አለ። ሌሎቹን ነው ብዬ አልፌው ልሄድ ስል ፊቴ ቆመ።

«እኔንም?» አልኩት።

«እማዬ፣ አንቺን ካሳለፍኩ ማንን ልመልስ ነው?» አለኝ።

ሴቶቹ መንገዱን ሙሉ ሲስቁብኝ መጡ። አንዷማ «የጠባቂ እናት መሆን እንዲህ ይጠቅማል እንዴ» እያለች እስከ ደጄ ሸኘችኝ። ለብዙ ጊዜ አኮረፍኩት። ምግቡን ፊቱ አስቀምጬ ዞር እላለሁ፤ እሱ ጥርግ አድርጎ በልቶ እጅሽ ይባረክ ይለኛል። ይህ ደግሞ የባሰ ያናድደኝ ነበር።

መጀመሪያ የጻፉት ሕግ ይህ የልጄ ቃል ነበር። እሱ ድንበር ላይ ቆሞ ያለውን እርስዎ በወረቀት አሉት። ከዚያ እኔ አለቀስኩ፣ እርስዎ አዘኑ። ለሚያለቅስ ማዘን መልካም ነው፤ ግን እያለቀሰ የመጣን እሺ ካሉ፣ እየሳቀ የሚመጣውን በምን አፍ ይመልሱታል? እርስዎ አገር ነው የያዙት። የእርስዎ ሥራ እምቢ ማለት ነው። ሚኒስትሩን እምቢ፣ ወዳጅዎን እምቢ፣ እኔንም እምቢ። ስንቀየምዎት ደግሞ ይቻሉት። ልጄ ችሎታል፤ ደመወዙ ከእርስዎ ያንስ ነበር።

ፈቃዴ እዚህ ፖስታ ውስጥ አለ። ይቅደዱት። «በቀር» የምትለዋንም ከነጭራሿ ይሰርዟት። ለደብዳቤ መላሹ ልጄ ሰላም ይበሉልኝ። ለሕግ ክፍሉ አይበሉልኝ።

ደኅና ነሽ ወይ ብለውኛል፤ ለዚህም ልመልስ።

ዛሬ ሙት ዓመቱ ስለሆነ ወደ ድንበሩ ሄጄ ነበር። ቀጭኑ ከውጭ ሆኖ ወንዙን የሚያሳይ ከፍ ያለ ቋጥኝ አለ ብሎኝ፣ ክንዴን ደግፎ አወጣኝ። ዓይኔን አጥብቤ አየሁ። ከብት አይገባበት፣ ሰው አያጭደው፣ ሣሩ ከሰው ቁመት በልጧል። የደረደርኳቸው ድንጋዮች አይታዩም። ወንዙ ጠርቶ ይወርዳል፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ሣር ነው፣ ንፋስ ሲነካው ወዲያና ወዲህ የሚል። የት ጋ ነው ብዬ ጠየቅሁት። ቀጭኑ ጣቱን ቀሰረ፤ ትንሽ አሰበና ወደ ግራ አዞረው፤ መልሶ አወረደው። የቆፈረው እሱ ነው። እሱም አላወቀውም።

ልጄ የፈለገው ይህን ነበር። አግኝቶታል። ዝናብ እስኪመጣ እዚያ ቋጥኝ ላይ ተቀምጬ ሣሩን ሁሉ እንደ እሱ መቃብር አየሁት፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ። ተናድጄ ሄድኩ፣ ተናድጄ ተመለስኩ፣ አሁንም እንደተናደድኩ ነው የምጽፍልዎት።

በሩን ግን እንዳይከፍቱት።

የጠባቂው እናት